ስንቁን ይዞ የሚጓዝ ገጽ

ከሮቤ በስተምሥራቅ፣ ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ጎሮ፣ አፋን ኦሮሞን በቁቤ፣ አማርኛን በፊደል የያዘ ወረቀት እንግዳ አይደለም። እንዲህ ያለ ሰነድ ሌላ ከተማ ተዘጋጅቶ ጎሮ ሲታተም ግን ሁለቱ ጽሑፎች እኩል ዕድል የላቸውም። የላቲን ፊደላት የሌሉበት ኮምፒውተርም ሆነ ፕሪንተር የለም፤ ቁቤው ይነበባል። አማርኛው ግን የፊደሉን ቅርጽ የያዘው ፎንት ከጠፋ ባዶ ሳጥን ብቻ ሊሆን ይችላል።

ገጽ የሚያስፈልገውን ከየት ያገኛል የሚለውን ችግር ቀድመው የተጋፈጡት ባንኮችና ኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸው ግዙፎቹ ሜይንፍሬም ኮምፒውተሮች ናቸው። አይቢኤም 3800 የተባለው የሌዘር ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ሲጀምር በደቂቃ ከ100 ገጽ በላይ ያትም ነበር። በዚህ ፍጥነት እያንዳንዱ የደንበኛ ሒሳብ መግለጫ አርማውን፣ ሠንጠረዡንና ፎንቱን በየገጹ ደጋግሞ ቢሸከም ፋይሉ ያለልክ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የመጣው ኤኤፍፒ የተባለው የአይቢኤም የኅትመት ሥርዓት መፍትሔ ያደረገው ገጹን በየክፍሉ መለየት ነው። ጽሑፉ ለብቻው ይላካል፤ ፎንቱ፣ አርማውና የቅጹ መስመሮች ደግሞ እያንዳንዳቸው በስም ተመዝግበው ይቀመጣሉ። ገጹ የሚጠራቸው በስማቸው ነው። ስሙ ከ8 ሆሄ አይበልጥም፤ በልማድም መነሻው ዓይነቱን ይናገራል፦ ኤክስ0 ፎንት፣ ኦ1 የቅጽ ንድፍ፣ ኤስ1 አርማ ወይም ሌላ ምስል።

እነዚህ ነገሮች የሚቀመጡበት ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው ማተሚያውን የሚመራው ሶፍትዌር የሚያገኘው የጋራ ማከማቻ ነው፤ ሁለተኛው ራሱ የኅትመት ፋይሉ። መንገደኛ ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል ወይም ማረፊያው ላይ አገኛለሁ ብሎ ባዶ እጁን ይነሣል፤ ገጽም እንዲሁ ነው። ማከማቻው ፋይሉን ያቀላል፤ አርማ ሲቀየርም አንድ ቦታ ማስተካከል ይበቃል። ጉዳቱ የሚታየው የድሮ ሰነድ ድጋሚ ሲታተም ነው፤ የአምናው ደብዳቤ የዘንድሮውን አርማ ለብሶ ይወጣል። ስለዚህ ለመዝገብ የሚቀመጥ ሰነድ የሚያስፈልገውን ሁሉ በውስጡ መያዝ አለበት። ሥርዓቱም ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያየው ፋይሉን፣ ቀጥሎ ማከማቻውን ነው። የተጠራው ነገር ከሁለቱም ከጠፋ፣ በተለመደው አሠራር ኅትመቱ ይቆማል፤ የጎደለውም በስም ይነገራል።

ለኛ ፊደል ግን ሌላ እንቅፋት ነበረ። በድሮው አሠራር እያንዳንዱ ሆሄ የሚወከለው በአንድ ባይት ስለሆነ አንድ ፎንት ከ256 በላይ ቦታ የለውም። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል፣ አኃዝና ሥርዓተ ነጥብ 345 ቦታ መድቧል፤ ይህ በ256 ውስጥ አይገባም። ከዚያ በፊት የተሠሩ የአማርኛ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ቦታ ላይ አሰፈሩት፤ ፊደሉን ከአንድ በላይ የፎንት ፋይል ላይ የከፋፈሉም ብዙ ናቸው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ሰነድ ያለፎንቱ ሲከፈት ሳጥን እንኳ አይታይም፤ የእንግሊዝኛ ሆሄና ምልክት ተደበላልቆ ይወጣል። የብዙ መሥሪያ ቤት ዶሴ ዛሬም እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ አለ፤ ፎንቱ ከጠፋ ዶሴው አብሮ ይጠፋል።

ሜይንፍሬሙ ያስተማረው ዛሬ በፒዲኤፍ ውስጥ ለሁሉም ደርሷል። ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ መክተት ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚከተው ሙሉውን ሳይሆን ሰነዱ የተጠቀመባቸውን ሆሄያት ብቻ ስለሆነ ፋይሉ አይከብድም። ለረጅም ዘመን ማስቀመጫ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒዲኤፍ/ኤ የተባለው ደረጃ ደግሞ ፎንት መክተትን ግዴታ አድርጎታል። ሰነድ የሚልክ ሰው ከመላኩ በፊት በፒዲኤፍ ማንበቢያው የሰነዱን መግለጫ ከፍቶ የፎንቶቹን ዝርዝር ይመልከት፤ ተከቷል የሚል ምልክት የሌለው ፎንት ካለ ሥራው አላለቀም። የፎንቱ ፈቃድ መክተትን ሊከለክል ስለሚችል ምርጫውም ጥንቃቄ ይሻል፤ አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ የሚገኙ፣ ሰነድ ውስጥ ለመክተትም የተፈቀዱ ናቸው።

ኃላፊነቱ የላኪው ነው። ጎሮ ያለችው ጸሐፊ የማታውቀውን ፎንት ፍለጋ ስትንከራተት፣ ውሉን ሊፈርም የመጣው ገበሬም ሮቤ ደርሶ ሲመለስ፣ ጥፋቱ የተፈጠረው አስቀድሞ ነው፤ ሰነዱን ያዘጋጀው ሰው ፎንት ይከተት የምትለውን አንዲት ምልክት ሳያደርግ ባለፈበት ጠረጴዛ ላይ። አማርኛው እንደ ቁቤው በማንኛውም ማተሚያ እንዲነበብ ከተፈለገ፣ ፎንት መክተት እንደ ፊርማና ማኅተም ሁሉ የሰነድ አዘገጃጀት ደንብ ይሁን።