ስለ ምርቃትና ስለ ደንበኛ አያያዝ

በገበያ መካከል ቆሞ የሻጭንና የገዢን ነገር የተመለከተ ሰው፣ ዋጋው ተቈርጦ እህሉ ከተሰፈረ በኋላ ገዢው «እስቲ መርቂልኝ» ሲል፣ ሻጪቱም በጭብጧ ዘግና ስትጨምርለት ሳያይ አይቀርም። ይህች ጭማሪ ምርቃት ትባላለች። አባቶች ልጆቻቸውን የሚባርኩበት ቃልም እንዲሁ ምርቃት ይባላል። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሁለቱም በግዴታ ሳይሆን በፈቃድ የሚሰጡ ናቸውና። በጣሊያን ወረራ ዘመን ትልቁ ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ሲዛወር ሥፍራው ተለወጠ እንጂ ይህ ልማድ አልቀረም።

ጭብጧ በገንዘብ ብትተመን ሚዛን የምታነሣ አይደለችም። ይሁን እንጂ ገዢው የከፈለበት ስፍር መብቱ ስለ ሆነ ማንንም አያመሰግንበትም፤ ከስፍሩ በላይ የተጨመረለትን ግን ቤቱ ገብቶ ያወራዋል። አንድ ጊዜ የገዛው ሰው ደንበኛ የሚሆነውም በዚሁ መንገድ ነው።

ምርቃት በእጅ የሚዘገን ብቻ አይደለም። መንገደኛውን በስሙ ጠርቶ ወንበር ማቅረብ፣ ዕቃውን አጥብቆ ማሰር፣ «ይህ ለርስዎ አይሆንም፤ ከጎረቤቴ ሱቅ የተሻለ ያገኛሉ» ብሎ እውነቱን መናገር ሁሉ ምርቃት ነው። አባቶቻችን «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉትም ይህንኑ ሲያስረዱ ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በራሴ ጥፋት ነው። በጸሐፊነት በማገለግልበት የንግድ ቤት ከደሴ እየመጡ ብርድ ልብስና ጨርቅ በጅምላ የሚገዙ አንድ ነጋዴ ነበሩ። በ2004 ዓ.ም. በግንቦት ወር አንድ ቀን ጠዋት መጡ። አሠሪዬ በስልክ ከጉምሩክ አስተላላፊ ጋር ይከራከሩ ነበር፤ እኔም በኢንቮይስ ክምር ውስጥ ስለ ነበርሁ ቀና ብዬ አላየሁም። ወንበሮቹ ሁሉ ካርቶን ተጭኖባቸው ነበር። ሰውዬው ለብዙ ጊዜ ከቆሙ በኋላ «እንግዲህ ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ» ብለው ወጡ። ማንም አልሸኛቸውም።

ዓመቱ ሲያልቅ ሒሳብ ስዘጋ የእርሳቸው ገጽ ከግንቦት ወዲህ ባዶ ሆኖ አገኘሁት። አሠሪዬ የዋጋ ቅናሽ የሚገልጽ ደብዳቤ እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍሁ፤ መልስ አልመጣም። በመጨረሻ አሠሪዬ ራሳቸው ስልክ ደወሉ። ሰውዬውም በትሕትና፦ «በዋጋ ቅሬታ የለብኝም። ዐሥራ አንድ ዓመት ተመላልሻለሁ፤ በዚያ ቀን ግን የሚያውቀኝ ሰው አላገኘሁም። ቅናሹን ለአዲስ ደንበኛ ይስጡልኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተመለሱም። ዛሬ በበራችን አጠገብ ምንም ዕቃ የማይቀመጥባቸው ሁለት ወንበሮች አሉ፤ ስልክ ቢጮኽም አስቀድሞ የገባው ሰው ሰላምታ ያገኛል። ይህን ለማድረግ የወጣው ገንዘብ ከአንድ ብርድ ልብስ ዋጋ አይበልጥም፤ የቀረብን ግን የዐሥራ አንድ ዓመት ደንበኛ ነው።

ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ነጋዴዎችም ነገሩ ያው ነው። ቡና ገዢው ብዙውን ጊዜ ውሉን የሚያጸድቀው ከጭነቱ አስቀድሞ የሚላክለትን ናሙና ቀምሶ ነው። በናሙናው ከረጢት ላይ የጭነቱ ቁጥር፣ የምርት ዘመኑ፣ ቡናው የታጠበ ወይም ያልታጠበ መሆኑ በግልጽ ቢጻፍ፤ መርከቡ በጅቡቲ ቢዘገይ ገዢው ሳይጠይቅ አስቀድሞ ቢነገረው፤ ይህ የአንድ አጭር ደብዳቤ ድካም ብቻ ነው። ገዢው ግን ሻጩን የሚመዝነው በእንዲህ ያለው ነገርም ጭምር ነው።

ይህ ጉዳይ በአሁኑ ጊዜ ከምንጊዜውም ይልቅ ሊታሰብበት ይገባል። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገዢ አንድ ቃል ሳይናገር ከፍሎ መሄድ ይችላል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ አገር ባለሀብቶች በአስመጪነት፣ በላኪነት፣ በጅምላና በችርቻሮ ንግድ በተወሰነ ግዴታ እንዲሰማሩ ተፈቅዷል። ብዙ ካፒታል ካለው ጋር በዋጋ ብቻ መፎካከር ለባለሱቅ አስቸጋሪ ነው። ደንበኛን በስሙና በጠባዩ ማወቅ ግን ከባንክ የማይበደሩት፣ በመርከብም የማይመጣ ካፒታል ነው። እኛ በእጃችን ይዘነው ሳለ በቸልታ እንዳንጥለው ያስፈራል።

ነገር ግን ምርቃት የሚዛን ጉድለት መሸፈኛ ሊሆን ከቶ አይገባውም። ኪሎውን አጉድሎ በጭብጥ የሚመርቅ ወይም ዋጋውን አስቀድሞ ሰቅሎ «ለርስዎ ስል ቀነስሁ» የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ ገዢው ዛሬ ባያውቅ ነገ ማወቁ አይቀርም። ምርቃት የሚያምረው ስፍሩ ከሞላ በኋላ ነው።

ስለዚህ ማናችንም ብንሆን ማታ የዕለቱን ገንዘብ ቈጥረን ሱቃችንን ከመዝጋታችን በፊት፣ «ዛሬ ቆሞ የተመለሰ ማን ነው?» ብለን ራሳችንን ብንጠይቅ መልካም ነው። ስሙን ካስታወስነው ገና አልራቀምና፣ በነገው ዕለት ማለዳ ስልክ ይደወልለት።