ቁልፍ መረከብ ቤት መግዛት አይደለም

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ሲሸጥና ሲገዛ ከሕጉ ቀድሞ የሚሰማው የደላላው ቃል ነው። “ምንም ችግር የለውም፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው” ይላል። ከዚህ ቃል የተወለዱ እምነቶች ብዙ ቤተሰብ ጥሪቱን አጥቶባቸዋል።

“ውክልና ከሰጠኝ ቤቱ የኔ ነው።” ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው 5 ዓመት ሳይሞላው ቤቱን እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ብር የቸገረው ባለዕድልና ቤት የቸገረው ገዢ ታዲያ መላ ይፈልጋሉ። ሙሉ ዋጋው ይከፈላል፤ ሻጩ ውልና ማስረጃ ሄዶ “እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስመ ንብረት እንዲያዛውር” የሚል ውክልና ይሰጣል፤ ብዙ ጊዜ የብድር ውል፣ አንዳንዴም ኑዛዜ ይታከልበታል። ገዢው ቁልፉን ተቀብሎ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ ኪችን ካቢኔት ያሠራል፣ የባንኩን ወርሃዊ ክፍያ በሻጩ ስም እየከፈለ ይኖራል። መዝገቡ ላይ ግን ባለቤቱ አሁንም ሻጩ ነው።

ውክልና በሌላ ሰው ስም መሥራት ነው እንጂ ባለቤትነት አይደለም። ሰጪው በፈለገ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። የተለየ ስምምነት ከሌለ ደግሞ ወካዩ ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ያኔ ገዢው የሚገጥመው ገንዘቡን የተቀበለውን ሰው ሳይሆን ወራሾቹን ነው፤ ስለ ሽያጩ ያልሰሙ፣ ቤቱ በአባታቸው ስም መሆኑን ከመዝገብ ያዩ ልጆችን። በእነሱ መፍረድ ይከብዳል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ሽያጩ በክልከላ ጊዜ መፈጸሙ ራሱ ገዢው ላይ ይነሣል። የብድር ውሉ ቢያስመልስለት ያበደረውን ብር ነው፤ ከዓመታት በፊት የተከፈለ ብር ደግሞ ዛሬ ያንኑ ቤት አይገዛም። ስለዚህ ክልከላው ያላበቃ ቤት ቢያምራችሁም ተከራዩት እንጂ አትግዙት።

“ካርታው በሱ ስም ነው፣ እሱ ከፈረመ ይበቃል።” አይበቃም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘን ንብረት፣ በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። የጋራ ቤት የሚሸጠው ሁለቱም ሲስማሙ ነው። ሻጩ “ተፋተናል” ካለ የፍቺውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ጠይቁ፤ ፍቺ ጸድቆ ንብረት ሳይከፈል ለዓመታት የሚቆይበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእማኞችም ነገር እንዲሁ ነው። ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች የፈረሙበት ወረቀት ለቤት ሽያጭ በቂ መስሎ ይታያል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በቁጥር 1723 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። እዚያ ሲኬድ ደግሞ ታክስ ለመቀነስ ብሎ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍ አለ። ውሉ ቢፈርስ ገዢው በእጁ የሚቀረው ማስረጃ ያ ትንሹ ቁጥር ነው። ቀብድን በተመለከተ፣ ሻጩ የተሻለ ዋጋ ሲመጣለት የተቀበለውን ብቻ መልሶ መሄድ ይችላል የሚባለው ስህተት ነው፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ እጥፉን ይመልሳል።

“ኦሪጅናል ካርታ አሳየኝ” ማለትም ዋስትና አይደለም። ፍርድ ቤት ቤቱን ቢያግደው ካርታው ከባለቤቱ እጅ አይወጣም፤ እግዱ የሚገኘው ማኅደሩ ውስጥ ነው። ቤቱ ከዕዳና እግድ ነፃ መሆኑን ማኅደሩ ካለበት የይዞታ ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ፤ ከወር በፊት የተጻፈ ማስረጃ ይዛችሁ ሳይሆን ገንዘብ ልትከፍሉ ስትሉ።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ “ዜግነት የቀየረ ሰው አገሩ ላይ ቤት በስሙ መግዛት አይችልም” የሚለው እምነት አሁንም አለ። በዚህ የተነሣ ዋሽንግተን ሆኖ ሌሊት እየሠራ ያጠራቀመውን በወንድሙ ስም ቤት የሚገዛበት አለ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ግን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ ለያዘ ሰው በስሙ ቤት የማፍራት መብት ሰጥቶታል። በወንድም ስም የተገዛ ቤት በመዝገቡ የወንድም ነው፤ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱም እንደሆነ ይገመታል፤ ቢሞት ለልጆቹ ይተላለፋል። ቢጫ ካርዱን አውጥቶ፣ ወንድም “በወካዩ ስም እንዲገዛ” የሚል ልዩ ውክልና መስጠት ይቻላል። ወረቀቱን ኤምባሲው ካረጋገጠው በኋላ አዲስ አበባ ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም ውልና ማስረጃ ይወሰዳል።