ወረርሽኝን በቁጥር መከታተል፦ ኢፒዲሚዮሎጂ ምን ያስተምራል?

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምብያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖችን ሕይወት ቀጠፈ። በቀጣዩ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አንዱ ምክንያት ይኸው መቅሠፍት ነበር። ኮሌጁ አድጎ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል፤ ወረርሽኝ ሳይስፋፋ እንዴት ይታወቃል የሚለው ግን ዛሬም የኢፒዲሚዮሎጂ ተማሪዎች የዘወትር ጥያቄ ነው።

ኢፒዲሚዮሎጂ በሽታ በማን፣ የት፣ መቼና ለምን እንደሚበዛ የሚያጠና የጤና ሳይንስ ዘርፍ ነው። ሐኪም አንድን ሕሙም ሲመረምር፣ የዘርፉ ባለሙያ ማኅበረሰቡን ይመረምራል።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በቅድሚያ የሚማረው ቁጥርን በአግባቡ ማንበብ ነው። ለአብነት 8 ሺህ ነዋሪ ባለው ቀበሌ 40 ሰዎች፣ 1 ሺህ ነዋሪ ባለው ደግሞ 20 ሰዎች ቢታመሙ የመጀመሪያው የከፋ ይመስላል። ሲሰላ ግን ከአንድ ሺህ ነዋሪ የታመመው በመጀመሪያው 5፣ በሁለተኛው 20 ነው። አስቸኳይ ድጋፍ ቀድሞ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ስሌት የነዋሪው ቁጥር በትክክል መታወቅ አለበት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ልደት፣ ሞትና ፍልሰት የሚመዘገቡበት የምርምር ማዕከል በዳባት አቋቁሟል።

ትምህርቱ በመማሪያ ክፍል ብቻ አይወሰንም። እ.ኤ.አ. በ2009 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የሁለት ዓመት የመስክ ኢፒዲሚዮሎጂ መርሐ ግብር አብዛኛው ጊዜ በሥራ ላይ የሚያልፍ ሲሆን፣ ሠልጣኞች ወረርሽኝ በተነሣበት ሥፍራ ተገኝተው መንሥኤውን ያጣራሉ።

የሁሉም መነሻ ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጤና ኬላ የምታሰፍረው መዝገብ ነው። ሳይመዘገብ ያለፈ ሕመም በስሌቱ አይገባም፤ ወረርሽኙም ሳይታወቅ ይስፋፋል።