የፋሲካ ታናናሽ እንግዶች

በቀዳም ስዑር ከቀትር በኋላ፣ ካህናቱ ጠዋት ያደሉት ቄጠማ በየሰው ራስ ላይ ገና ሳይጠወልግ፣ የሚቁላላው ሽንኩርት ሽታ ከአጥር አልፎ ጾመኛውን መንገደኛ በሚፈትንበት ሰዓት፣ ከደብረ ብርሃን አውቶቡስ የወረደ አንድ ቤተሰብ የአዲስ አበባ ዘመዱን በር ያንኳኳል። አባት በአንድ እጁ እግሩ የታሰረ ዶሮ፣ በሌላው ሻንጣ ይዟል፤ እናት ጨቅላዋን አዝላለች፤ ከኋላዋም የ4 ዓመቱ ልጅ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጦ፣ የመጣበት ቤት የማን እንደ ሆነ ለመረዳት ዓይኑን ያንከራትታል። ባለቤቶቹ «ግቡ፣ ግቡ፤ እንኳን ደኅና መጣችሁ» ብለው ጉንጭ ለጉንጭ ተሳስመው ሲያበቁ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አስቀድመው የሚቀበሉት ዶሮውን ነው፤ ዶሮው የሚታሰርበት ጥግ ወዲያው ይገኛል፣ ልጁ የሚተኛበት ጥግ ግን የሚታሰበው እንቅልፍ ሲጥለው ነው።

የእንግዳ አቀባበል ሥርዓታችንን ከአብርሃም የወረስነው ነው ብለን እንመካለን፤ ትምክሕቱም ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18 እንደሚነበበው፣ ያ ሽማግሌ በቀትር ሐሩር ሮጦ እንግዶቹን ተቀበለ፣ ለእግራቸው ውኃ አስመጣ፣ ሣራን ዱቄት አስለወሳት፣ ለስላሳውን ጥጃ አሳርዶ ከወተት ጋር አቀረበ፣ እነርሱ ሲበሉም በአጠገባቸው ቆሞ አሳለፈ። ነገር ግን በመምሬ ዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ከሦስቱ እንግዶች አንዱ እንኳ ሌሊት ተነሥቶ የሚያለቅስ፣ ፍም የሚጨብጥ፣ ወይም የአጎቱን ልጅ ኳስ ነጥቆ ቤቱን በጩኸት የሚሞላ አልነበረም፤ ስለዚህ ከአብርሃም ማዕድ የተማርነው ሁሉ ለጎልማሳ እንግዳ ቢበቃም፣ ሕፃናትን ይዞ ለመጣ ዘመድ አይበቃም። ለዚህኛው እንግዳ ከማዕዱ ስፋት ይልቅ የሚጠቅሙት ሰዓቱና ወለሉ ናቸው።

ሰዓቱን ያስቀደምሁት፣ ፋሲካ ከበዓላት ሁሉ ይልቅ ሌሊቱን መዓልት የሚያደርግ በዓል በመሆኑ ነው። 55 ቀን የጾመ ምእመን፣ ይልቁንም ከስቅለት ጀምሮ ያከፈለው፣ ቅዳሜ ማታ ነጠላውን ተከናንቦ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ቅዳሴው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ሲፈጸም ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ዶሮ ሲጮህም በተዘረጋው ማዕድ ዙሪያ ተሰብስቦ ይፈስካል። ይህ ሁሉ ለአዋቂው የዓመቱ ታላቅ ሐሤት ነው፤ 7 ዓመት ያልሞላው ሕፃን ግን፣ እንደ ልማዱ ጾም ገና አልጀመረምና፣ የሚገድፈው ጾም የለውም፤ በዚያ ሰዓት የሚርበው ሆድም የለውም። «እርሱስ ለምን ይቅርበት፣ ቀስቅሱት» የሚሉ ዘመዶች (እኔም አንድ ጊዜ ከእነርሱ ወገን ነበርሁ) ልጁን ከሞቀ እንቅልፉ አንሥተው እንቁላል ቢያስይዙት፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ደስ ይላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁ እስኪነጋ አይተኛም፤ እሑድን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውላል፤ እናቱም አብራው ትውላለች። ድርሻው ተከድኖ ቢቆየውና ጠዋት ሲነሣ እንደ ትልቅ ሰው ለብቻው ቢቀርብለት፣ በዓሉ የቀረበት አይመስለውም።

እንግዲያስ ጀምበር ሳትጠልቅ ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ከእነርሱም ጋር ማን እንደሚቀር ይወሰን። በልማድ የምትቀረው የልጆቹ እናት ናት፤ ይህም ፍርደ ገምድልነት ነው። ዓመቱን ሙሉ በልጅ ምክንያት ከማኅሌቱና ከቅዳሴው ተለይታ የኖረች ሴት፣ ወገን ወዳለበት ቤት በመጣች ጊዜ፣ ለአንዲት ሌሊት እንኳ «አንቺ ሂጂ፣ እኔ እቀራለሁ» የሚላት ካላገኘች፣ እንግድነቷ ከአንዱ ጓዳ ወደ ሌላው ጓዳ መዛወር ብቻ ሆነ ማለት ነው። ጨቅላዋን ለማቁረብ ይዛ የምትሄድ ከሆነ ግን፣ ፎጣውንና መለወጫ ልብሱን የሚሸከምላት ሰው ይከተላት።

ለልጆቹ ከከፍተኛ አልጋ ይልቅ በምንጣፍ ላይ የተነጠፈ ፍራሽ ይሻላል፤ በማያውቀው አልጋ የተኛ ልጅ ጫፉ የት እንደ ሆነ በእንቅልፉ አይለየውምና። በአጠገባቸው ፖፖ ይቀመጥ፣ አነስተኛ መብራትም በርቶ ይደር። ጨቅላው ደግሞ ጠላና ጠጅ በቀመሱ አዋቂዎች መካከል ሳይሆን ለብቻው፣ በጀርባው፣ ትራስና የተከመረ ብርድ ልብስ በሌለበት ጠንከር ያለ ንጣፍ ላይ ይተኛ። ብርዱ ቢበረታ እንኳ ከሰል የተቀጣጠለበት ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አይግባ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው የከሰል ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው፣ የተኛውን ሳያስነቃ ይገድላል።

አሁን ወደ ወለሉ እንምጣ። በበዓል ቀን የቤታችን ክብር ሁሉ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ረከቦቱ ይዘረጋል፣ እጣኑ ይጤሳል፣ ፍሙ ይንቦገቦጋል፣ የሚንተከተከው ጀበናም ድክ ድክ ከሚለው ሕፃን እጅ ጋር ትክክል ይሆናል። ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው እጅግ ያማረው ይህ ሥርዓት፣ በሕፃኑ ቁመት ዝቅ ብሎ ለሚያየው ሰው፣ እሳትና የፈላ ውኃ ያለ አጥር የተቀመጠበት ሜዳ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ዕለት፣ በራሴ ቤት፣ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲፈላ፣ የእኅቴን ልጅ ቄጠማው አዳለጠውና ረከቦቱን ተደግፎ ሊነሣ ሲሞክር ጀበናው በክንዱ ላይ ተደፋ። ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ፤ አንዱ ሊጥ፣ አንዱ ቅቤ፣ አንዱ የጥርስ ሳሙና ይዞ ሲሮጥ፣ እኔም እንደ አዋቂ ቅቤውን መርጬ ቀባሁት፤ በኋላ በጤና ጣቢያ ነርሷ ያንን ቅቤ ስትጠርግለት ልጁ ያለቀሰው ልቅሶ፣ በተቃጠለ ጊዜ ካለቀሰው የባሰ ነበር። መደረግ የነበረበት ግን ከሁሉ የቀለለው ነገር ነው፤ የተቃጠለውን ገላ ወዲያው በሚወርድ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ 20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ አምባር ቢኖር እጁ ሳያብጥ ማውለቅ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ ወደ ሐኪም መውሰድ። በረዶም፣ ቅቤም፣ ሊጥም አይነካውም።

ወለሉን ካነሣን ዘንድ፣ ከቡናው ጋር የሚዞረው ቆሎና ፈንዲሻ፣ ይልቁንም ለውዝ የተቀላቀለበት ቆሎ፣ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ ጉሮሮ የሚዘጋ ነገር መሆኑን አንርሳ። የባሰው ግን በለስላሳ ጠርሙስ የምናኖረው በረኪናና ላምባ ነው፤ ልጅ ጠርሙሱን እንጂ በውስጡ ያለውን አያነብምና፣ እንዲህ ያለውን ሁሉ እንግዳ ሳይገባ ወደ ቁም ሳጥን አናት መስቀል ይገባል። አንድ ጊዜ ጠጥቶ ቢገኝ እንዲያስመልስ ማስገደድ ጉዳቱን ያብሳል፤ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በዋዜማው የሚሞላው ባልዲም ክዳን ያስፈልገዋል፤ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውኃ አንድ ሕፃን ሊያሰጥም ይችላል። አያት ከትራሳቸው ሥር የሚያኖሩት የደም ግፊት ክኒንም ለልጅ ዓይን ከረሜላ ነው።

ስለ ምግቡ ብዙ አልልም፤ በዚህስ ማንም አያማንም። ከዶሮው 12 ብልት አንድ ሁለቱ በርበሬ ሳይነካቸው አልጫ ቢሠሩ፣ ልጆቹ ከእንቁላልና ከዓይብ ጋር ደስ ብሏቸው ይበላሉ። ጥሬ ሥጋ ግን ለልጅ አይጎረስም፤ ኮሶ የሚይዘው ከእርሱ ነውና። ዓመት ያልሞላው ማር አይቅመስ፤ በማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው ጀርም በጨቅላ አንጀት ውስጥ መርዝ ያፈራል። 6 ወር ያልሞላው ደግሞ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃ እንኳ አያሻውም፤ ለጋ ቅቤ ላስልሰው የሚሉ አያት ቢነሡ «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎናል» ማለት ይበቃል፤ እርሳቸው የእኛን ቃል ባይሰሙ የሐኪሙን ይሰማሉ።

የቤቱን ልጅም አንዘንጋ። አልጋውን ለቅቆ፣ መጫወቻውን አካፍሎ፣ «እንግዳ ነው፣ ተወው» እየተባለ ሁለት ቀን ሙሉ የሚሸነፈው እርሱ ነው፤ እጅግ የሚወዳት አንዲት መጫወቻ ብትኖር እንግዶቹ ሳይደርሱ ትደበቅለት፣ ሌላውን በፈቃዱ ያካፍላል።

ሰኞ ማዕዶት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የነፍሳትን ከሲኦል ወደ ገነት መሻገር የምታስብበት ዕለት። እንግዶቻችንም ወደ ቤታቸው ይሻገራሉ። በመንገዱ ጠዋት ልጆቹን ወጥና ቅቤ አጥግቦ አውቶቡስ ላይ መስቀል ለአጠገብ ተሳፋሪውም አይበጅም፤ ደረቅ ዳቦ፣ ውኃና ሁለት ባዶ ፌስታል ቢያዝላቸው ይበልጣል።

በቤታችን ረከቦቱ ከዚያች ፋሲካ ወዲህ የሚዘረጋው በመስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት ባልቴት ጎረቤታችን «ቡና እንዲህ ተሰቅሎ አያምርበትም» ይላሉ፤ ቢሆንም እስከ በረካው ሳይጠጡ ሄደው አያውቁም።