በብርሃን የሚታይ ቃል፤ ስለ ፕሮጀክተር አያያዝና ስለ ጉባኤ ሥርዓት

ለሕዝብ ጉዳይ የሚደረግ ጉባኤ ሁሉ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛው፣ ተናጋሪው የሚናገረውን ነገር አስቀድሞ አጥንቶ መምጣቱ ነው፤ ሁለተኛው፣ የተናገረው ቃል ሳይጐድልና ሳይጣመም ለሰሚው መድረሱ ነው። በቀድሞ ዘመን ለሁለተኛው ነገር መሣሪያው የተናጋሪው ድምፅ ብቻ ነበር። ዛሬ ግን መሥሪያ ቤቱም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሀገረ ስብከቱም ጉባኤ ባደረገ ጊዜ በኮምፒዩተር የተዘጋጀውን ጽሑፍ፣ ሥዕልና የሒሳብ ሠንጠረዥ በሸራ ወይም በግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳየውን ፕሮጀክተር የተባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። መሣሪያው ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ነገር ግን አያያዙን ለማያውቅ ሰው የጉባኤውን ሰዓት የሚያባክን፣ የተናጋሪውንም ክብር የሚቀንስ ይሆናል።

ይህን ነገር በጉባኤ የተቀመጠ ሁሉ አይቶታል። ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡ እንግዶች ቦታቸውን ይዘው፣ የበላይ ሹሙም መጥቶ፣ ሁሉ ዝም ብሎ በሚጠባበቅበት ጊዜ ሸራው ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አንዱ ሽቦውን ይነቅላል፤ ሁለተኛው መልሶ ይሰካል፤ ሦስተኛው ኮምፒዩተሩን ያጠፋል፤ አራተኛው ባለሙያ ለመጥራት ይሮጣል። ግማሽ ሰዓትም በዚህ ያልፋል። ሰዓቱ የአንድ ሰው ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ትንሽ ነበር፤ ነገር ግን በአዳራሹ ስድሳ ሰው ቢኖር የጠፋው የስድሳ ሰው ግማሽ ሰዓት፣ ይኸውም ሠላሳ የሥራ ሰዓት ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለው ሁሉ፣ አስቀድሞ አሥር ደቂቃ ያልተሰጠው ነገር በኋላ ብዙ ሰዓት ይበላል።

ሥዕልን በብርሃን አማካይነት በግድግዳ ላይ ማሳየት የዛሬ ጥበብ አይደለም። ዘመኑ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲነገር፣ በ1659 ዓ.ም. ክርስቲያን ሆይገንስ የተባለው የሆላንድ ሊቅ ከመስተዋት በተሠራ ሌንስና ከፋኖስ ብርሃን የመጀመሪያውን ማሳያ ሠርቶ ነበር። አውሮፓውያን መሣሪያውን የአስማት ፋኖስ አሉት፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው አስማት ይመስለው ነበርና። በእኛም ሀገር ሲኒማ ወደ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ሕዝቡ ቤቱን የሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱ የታወቀ ነው። ሥዕል ለትምህርት መዋሉ ግን ለሀገራችን ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም፤ ፊደል ያልቈጠረው ምእመን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን እያየ ታሪኩን ሲማር ኖሯልና።

ዛሬ በየአዳራሹ የሚታየው አሠራር ግን ብዙው ከአንድ ዓመት የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። በ1987 ዓ.ም. ሮበርት ጋስኪንስና ዴኒስ ኦስቲን በአሜሪካ የሠሩት ፓወር ፖይንት የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለገበያ ወጣ፤ በዚያው ዓመትም ማይክሮሶፍት ባለቤት የነበረውን ኩባንያ በ14 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚሁ ዓመት አይ.ቢ.ኤም. ቪ.ጂ.ኤ. የሚባለውን አሥራ አምስት እግር ያለውን መሰኪያ አወጣ። ላሪ ሆርንቤክ የተባለው የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሊቅም በዚያው ዓመት ከጠጕር ውፍረት ያነሱ ብዙ መስተዋቶች በአንዲት ትንሽ ሰሌዳ ላይ እየተዘነበሉ ብርሃንን የሚያሳልፉበትንና የሚከለክሉበትን ጥበብ ፈለሰፈ። ጽሑፉን የሚያዘጋጀው፣ የሚያስተላልፈውና በብርሃን የሚያሳየው ሁሉ በአንድ ዘመን ተገናኙ።

ኮምፒዩተርን ከፕሮጀክተር ጋር ለማገናኘት ከሁሉ አስቀድሞ መሰኪያውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። አሮጌው ቪ.ጂ.ኤ. እግሮቹ በሦስት ረድፍ የተደረደሩ፣ በግራና በቀኝ ማጥበቂያ ብሎን ያለው ነው፤ ሥዕልን ብቻ እንጂ ድምፅን አያስተላልፍም። ኤች.ዲ.ኤም.አይ. የሚባለው በ2002 ዓ.ም. የወጣው አሥራ ዘጠኝ እግር ያለው ሲሆን ሥዕልንም ድምፅንም በአንድ ሽቦ ያደርሳል። በ2014 ዓ.ም. የወጣው ዩ.ኤስ.ቢ. ሲ ደግሞ ትንሽና በሁለቱም ፊት የሚሰካ ነው፤ ነገር ግን መሰኪያው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ብቻ ሁሉ ሥዕል ያስተላልፋል ማለት አይደለም፤ በአንዳንዱ ኮምፒዩተር ለፋይልና ለባትሪ መሙያ ብቻ የተሠራ ነውና አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ኮምፒዩተሩ አንዱን፣ ፕሮጀክተሩ ሌላውን መሰኪያ የያዘ እንደ ሆነ መለወጫ ያስፈልጋል። ከኤች.ዲ.ኤም.አይ. ወደ ቪ.ጂ.ኤ. የሚለውጠው መሣሪያ ከቪ.ጂ.ኤ. ወደ ኤች.ዲ.ኤም.አይ. አይለውጥም፤ የሁለቱ አሠራር የተለያየ ስለ ሆነ የሚገዛው ሰው የሚፈልገውን አቅጣጫ ለይቶ መናገር አለበት።

ሽቦው ከተሰካ በኋላ ሥራው በተራ ይሄዳል። ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ መብራቱም እስኪደምቅ ጥቂት ይጠበቃል። ከዚያ ሶርስ ወይም ኢንፑት የተባለው ቁልፍ ተጫንቶ ሽቦው የገባበት በር ይመረጣል። በመጨረሻ፣ በዊንዶስ በሚሠራ ኮምፒዩተር ላይ የዊንዶስ ምልክት ያለበት ቁልፍና ፒ የተባለችው ፊደል አብረው ሲነኩ አራት ምርጫ ይቀርባል። የመጀመሪያው ሥዕሉን በኮምፒዩተሩ ላይ ብቻ ያስቀራል፤ ሁለተኛው አንዱን ሥዕል በሁለቱም ላይ ያሳያል፤ ሦስተኛው ሸራውን እንደ ሁለተኛ ገበታ አድርጎ ይዘረጋል፤ አራተኛው በሸራው ላይ ብቻ ያሳያል። ብዙ ጊዜ ሸራው ባዶ የሚሆነው ፕሮጀክተሩ ተበላሽቶ ሳይሆን የበሩ ምርጫ ስለ ተሳሳተ ወይም ኮምፒዩተሩ በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ስለ ቀረ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ምርጫ መካከል ያለውን ልዩነት ሹማምንት ሊያስተውሉት ይገባል። ሁለተኛው ሲመረጥ ተናጋሪው የሚያየውን ሁሉ ጉባኤው ያያል፤ በዚያች ሰዓት የሚመጣ የግል ደብዳቤ ወይም የመሥሪያ ቤት ምስጢር ቢኖር በሸራው ላይ ይገለጣል። በሦስተኛው ምርጫ ግን ጉባኤው ስላይዱን ብቻ ሲያይ፣ ተናጋሪው በፊቱ ባለው ኮምፒዩተር ላይ የራሱን ማስታወሻ፣ የሚቀጥለውን ስላይድና ያለፈውን ደቂቃ ሊመለከት ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው መሥራት፣ የመልእክት ማሳወቂያውንም አስቀድሞ መዝጋት የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው።

ሥዕሉ ከመጣ በኋላ ደግሞ መልኩን ማስተካከል ይከተላል። ፕሮጀክተሩ ከሸራው ጋር ትይዩ ካልሆነ ሥዕሉ ላዩ ሰፍቶ ታቹ ይጠባል። ይህን በመሣሪያው ውስጥ ባለው ማረሚያ ማቅናት ይቻላል፤ ነገር ግን ማረሚያው ከሥዕሉ ጥራት ይቀንሳልና የሚሻለው መሣሪያውን ራሱን በትክክለኛው ቦታና ከፍታ ማስቀመጥ ነው። የጽሑፉ ጠርዝ የደበዘዘ እንደ ሆነ የሌንሱ ቀለበት ይዞራል። ፊደሉም ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሽማግሌ ሊያነበው በሚችል መጠን ይጻፍ፤ ከፊት የተቀመጠው ብቻ የሚያነበው ጽሑፍ ለጉባኤ የቀረበ ሊባል አይችልም።

መሣሪያውን በሥራ ጊዜ ለማዘዝ የሚያስፈልጉት ቁልፎች ጥቂቶች ናቸው። በፓወር ፖይንት ኤፍ 5 የተባለው ቁልፍ ንግግሩን ከመጀመሪያው ስላይድ ያስጀምራል፤ ሺፍት ከሚባለው ጋር ሲነካ ግን ካሉበት ስላይድ ይጀምራል። ቢ የተባለችው ፊደል ሸራውን ታጠቍራለች፤ ደብልዩ ታነጣዋለች፤ ዳግመኛ ሲነኩ ሥዕሉ ይመለሳል። ይህ ትንሽ መስሎ የሚታይ ነገር ትልቅ ጥቅም አለው፤ ተናጋሪው ሕዝቡ ዓይኑን ከሸራው መልሶ ወደ እርሱ እንዲያይ በፈለገ ጊዜ ሸራውን ማጥቆር ይበቃዋልና። ከጉባኤው ጥያቄ ተነሥቶ ወደ አሥራ ሁለተኛው ስላይድ መመለስ ቢያስፈልግ፣ 12 ጽፎ ኢንተር የተባለውን ቁልፍ መንካት ነው እንጂ ሁሉን እየገለበጡ ጉባኤውን ማድከም አያስፈልግም። የፕሮጀክተሩ ሪሞት ደግሞ ብዙውን ጊዜ በማይታይ ብርሃን የሚሠራ ስለ ሆነ በመካከል ሰው ወይም ዕቃ ሳይጋርደው ወደ መሣሪያው ቀንቶ መያዝ አለበት። በታላላቅ አዳራሾች ብዙ ፕሮጀክተሮችን ከአንድ ቦታ በመረብ ማዘዝ የሚቻልበት ፒ.ጄ.ሊንክ የተባለ የጋራ ሥርዓት አለ፤ ይህን የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ግን የይለፍ ቃል ሊያደርግበት ይገባል፤ አለዚያ በመረቡ ውስጥ ያለ ማንም ሰው በጉባኤ መካከል ሊያጠፋው ይችላል።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ደግሞ የራሱ የሆነ ችግር አለ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የፊደል ሥርዓት የገባው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የፕሮግራም ሠሪ ፊደሉን በገዛ ፈቃዱ ይደረድር ስለ ነበረ፣ በአንዱ ኮምፒዩተር የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። በቀድሞው አሠራር የተጻፉ ሰነዶች ዛሬም በየመዝገቡ ይገኛሉ። ስለዚህ ጽሑፉ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፋይሉም ሲቀመጥ የፊደሉ ቅርጽ አብሮ እንዲታሸግ ይደረግ፤ ከዚህም ጋር ፊደሉ በቀላሉ የማይለወጥ አንድ የፒ.ዲ.ኤፍ. ግልባጭ በፍላሽ ይያዝ። የራሱን ፊደል አክብሮ ለሚጠብቅ ሕዝብ፣ ፊደሉ በአደባባይ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲታይ ማየት ደስ አያሰኝም።

ስለ ኤሌክትሪክም ማሰብ ያስፈልጋል። የሜርኩሪ አምፑል ያለው ፕሮጀክተር ሲሠራ እጅግ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ሶኬቱን በድንገት መንቀል ሳይሆን በቁልፉ አጥፍቶ ማራገቢያው ሥራውን እስኪጨርስ መጠበቅ ነው። መብራት በድንገት ቢጠፋና ወዲያው ቢመለስ እንኳ የጋለው አምፑል ሳይቀዘቅዝ አይበራም። በሌዘር የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ይህ ችግር የለበትም፤ የሠሪዎቹም መግለጫ ብዙ ጊዜ እስከ 20,000 ሰዓት ሊያገለግል እንደሚችል ይናገራል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ያም ሆነ ይህ፣ የንግግሩ ዋና ነገር በወረቀት ታትሞ በተናጋሪው እጅ ካለ መብራት ቢጠፋም ጉባኤው አይበተንም።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ስለ መሣሪያው ነው። ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጠው ግን በመሣሪያው የሚታየው ቃል ነው። በ2003 ዓ.ም. ጥር 16 ቀን ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ስትነሣ ከነዳጅ ታንኳ የተገነጠለ የአረፋ ቍራጭ የግራ ክንፏን መታው። መንኰራኵሯ ገና በጠፈር ሳለች መሐንዲሶች ስለ ጉዳቱ መርምረው ሐሳባቸውን በፓወር ፖይንት ስላይድ ለአለቆቻቸው አቀረቡ። የመታው ቍራጭ ቀድሞ ለሙከራ ከተመረመረው ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ የሚበልጥ መሆኑ በስላይዱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ነገር ግን የተጻፈው በመጨረሻው መሥመር፣ በትንሽ ፊደል፣ በብዙ ንኡስ ነጥብ ሥር ነበር። ርእሱም ሰሚውን የሚያሳርፍ እንጂ የሚያስደነግጥ አልነበረም። የካቲት 1 ቀን መንኰራኵሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተሰባበረች፤ በውስጧም የነበሩት ሰባቱ ሰዎች አለቁ። ነገሩን የመረመረው ጉባኤ በዚያው ዓመት ባወጣው መግለጫ፣ አንድ አለቃ ያንን ስላይድ አንብቦ የሰው ሕይወት በአደጋ ላይ መሆኑን ሳያስተውል ቢቀር እንደማይገርም ተናገረ።

ሽቦው በትክክል ተሰክቶ ነበር፤ ብርሃኑም ደምቆ ነበር፤ የጐደለው ዋናውን ነገር በፊት አድርጎ በግልጥ የመናገር ሥርዓት ነበር። የድልድይን፣ የመድኃኒትን ወይም የእህልን ጉዳይ ለሹማምንት የሚያቀርብ ሰው ይህን ምሳሌ ሊዘነጋው አይገባም። አደጋ ካለ በመጀመሪያው መሥመር፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ውሳኔ የሚፈለግ እንደ ሆነ የሚፈለገው ውሳኔ ተለይቶ ይነገር። የሚሰማውም አለቃ በሸራው ላይ ባየው አጭር ነጥብ ብቻ ሳይወሰን ሙሉውን ጽሑፍ አስቀርቦ ማንበብና መጠየቅ ይገባዋል።

እንግዲህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሥራ አንድ ኃላፊ ሰው ቢመድብ፤ ሽቦውን፣ መለወጫውን፣ ሪሞቱንና ትርፍ ባትሪውን በአንድ ቦርሳ ቢያስቀምጥ፤ ተናጋሪውም ጉባኤው ከሚጀመርበት ሰዓት አስቀድሞ በራሱ በአዳራሹ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስላይድ ቢሞክር፣ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ይሆናል። የተሰበሰበውን ሰው ጊዜ ማክበር ሰውየውን ራሱን ማክበር ነው። ፕሮጀክተር የደበዘዘውን ሐሳብ አያጠራውም፤ ያጎላዋል እንጂ፤ ስለዚህ ወደ ብርሃን የሚወጣው ቃል አስቀድሞ በልብ የተመረመረ፣ በጽሑፍም የተስተካከለ ይሁን።