ለሟች ምን ይገባል? የጨለማ ዓለም ልብ ወለድ ከዙር አምባ እስከ «ኦሮማይ»

በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ፣ በጥቂት ሳምንታት ልዩነት፣ ሁለት መጻሕፍት ለገበያ ቀረቡ። አንዱ የአሜሪካዊቷ ሱዛን ኮሊንስ «ሀንገር ጌምስ» አዲስ ክፍል ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ሌላው የእኛው በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው፤ በዴቪድ ደጉስታና በመስፍን ፈለቀ ይርጉ ተርጓሚነት፣ ከአርባ ዓመት በኋላ በእንግሊዝኛ አንባቢ እጅ ገባ። የመጀመሪያው ልጆችን እርስ በርስ ስለሚያገዳድል መንግሥት ይተርካል። ሁለተኛው የሚተርከው በኤርትራ ተራሮች ወጣት ስለበላው ዘመቻ ነው፤ መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ።

ዲስቶፒያ፣ ማለትም የጨለማ ዓለም ልብ ወለድ፣ ሲባል ከፈረንጅ የመጣ የወጣት መዝናኛ አድርጎ የሚያየው ሰው ብዙ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ወጣትን በተበላሸ ዓለም መሀል ከሞት ፊት ለፊት አቁሞ «የእኔ ግዴታ የቱ ነው?» ማሰኘት ለአማርኛ ልብ ወለድ አዲስ ነገር አይደለም። እንዲያውም የጥያቄው ሥር የቆሎ ተማሪዎች ጠንቅቀው በሚያውቁት አገር፣ በጋይንት፣ ይገኛል ባይ ነኝ።

አስቀድሞ ስለ ፈረንጆቹ ጥቂት እንበል። ሎይስ ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመችው «ዘ ጊቨር» ጆናስ የሚባል የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ፣ ሕመም በሌለበትና ሁሉም በተስተካከለበት ከተማ ውስጥ አባቱ ሕፃን ሲገድል ያያል። አባት ግን መግደሉን እንኳ አያውቀውም፤ ሥራው ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ «ሀንገር ጌምስ» መንገዱን ሲከፍት በየዓመቱ ደርዘን የሚሆኑ ተከታዮች ወጡ። አብዛኞቹ አንዲት ልጅ፣ ሁለት ወዳጆችና አንድ አምባገነን ይዘው ያንኑ ይደጋግማሉ፤ በእነሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም።

ከሁሉ ለየት ብሎ የሚታየኝ ኒል ሹስተርማን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው «ሳይዝ» ነው። በዚህ መጽሐፍ ዓለም ሰው ሞትን አሸንፏል። በሽታ የለም፣ እርጅና ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ከፎቅ የወደቀም ታክሞ ይነሣል። መንግሥት የሚባል ነገር ቀርቶ ሁሉን የሚያውቅ አንድ ኮምፒዩተር በፍትሕ ያስተዳድራል። ነገር ግን የሰው ቁጥር እንዳይበዛ የሚገድሉ ባለሥልጣናት ተሹመዋል፤ ማንን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሚገድሉ የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ሲትራና ሮዋን የተባሉ ሁለት ወጣቶች ለዚህ ሥራ ደቀ መዝሙር ሆነው ይመረጣሉ። የተመረጡትም ሥራውን ስለተጸየፉት ነው፤ መምህራቸው ፋራዴይ መግደል የማይወድ ብቻ ለመግደል ይታመናል ብሎ ያምናል። ከባልደረቦቹ መካከል ግን መግደልን የወደዱት አሉ፤ የመጽሐፉ ጦርነትም ከእነሱ ጋር ነው።

ሹስተርማን ከባዱን ጥያቄ ያነሣል፦ ሞት ከቀረ ርኅራኄም አብሮ ይቀራል ወይ? የእሱ ገዳዮች ለሟች ቤተሰብ ከመገደል የሚጠብቅ የአንድ ዓመት ዋስትና ይሰጣሉ፤ ዝክሩ ግን እንደ ቢሮ ሥራ ሆኗል። እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ወደ ጋይንት የሚያመራው።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የድጓ ምስክር ቤተልሔም ነው፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ደግሞ ዙር አምባ። ሁለቱም ጋይንት ናቸው። መዋሥዕት ከቅዱስ ያሬድ አምስት የዜማ መጻሕፍት አንዱ ሲሆን፣ በፍትሐትና በተዝካር የሚዜመው ለሙታን ነው። ስለዚህ ዙር አምባ ማለት በሀገሪቱ ያሉ የመዋሥዕት መምህራን ሁሉ ትምህርታቸውን የሚያስመሰክሩበት፣ ሙታንን በዜማ የመሸኘት ሙያ ማኅተሙን የሚያገኝበት ተራራ ነው። ወደዚያ ከሚወጡት መካከል ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ አለ፤ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ለምኖ፣ በጎጆ አድሮ፣ የሰውን ሁሉ የመጨረሻ ዜማ በቃሉ ያጠናል። ሲትራና ሮዋን የመግደልን ጥበብ በሚማሩበት ዕድሜ የዙር አምባው ልጅ የሞተን ሰው ማክበርን ይማራል። በዚህ ዘርፍ ከጻፉት መካከል እንዲህ ያለ ወጣት ገጸ ባሕርይ ያገኘ ቢኖር ምንኛ በታደለ!

ቤተልሔምም በሌላ መንገድ ወደ ልብ ወለድ ታሪክ ትገባለች። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 የነገሥታት ልጆች የታሰሩበትን የወህኒ አምባ ፍለጋ ሲዞር ወደ ጋይንት ወጣ፤ በቤተልሔም ክብ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ውስጥም ከመካከለኛው ዘመን የቆየ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ተሸሽጎ አገኘ። የጉዞውን መጽሐፍ በ1959 ሲያሳትም «የራሴላስ ተራሮች» አለው። ራሴላስ የሳሙኤል ጆንሰን ልብ ወለድ ጀግና ነው፤ መጽሐፉ የታተመው ልክ ሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1759 ነበር። ጆንሰን በወጣትነቱ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ተርጉሞ ስለነበር፣ የነገሥታት ልጆች በአምባ ላይ እንደሚጠበቁ ያውቃል። እስር ቤቱን ግን ገነት አደረገው። ራሴላስ ምንም በማይጎድልበት ሸለቆ ይኖራል፤ በሃያ ስድስት ዓመቱ ግን ሰለቸው። ተራራውን ፈልፍሎ ከእህቱ ከነቃያ፣ ከእህቱ ደንገጡርና ከባለቅኔው ኢምላክ ጋር ወደ ካይሮ ወጣ። መጨረሻ ላይ ከሙታን መቃብር ዋሻ ገብተው ስለ ነፍስ ይነጋገራሉ። ሁሉ የተሟላለት፣ መውጫ የሌለው፣ ወጣት የሚያመልጥበት ዓለም ነው፤ የዛሬዎቹ ደራሲዎች የሚጠቀሙበት ንድፍ ከሞላ ጎደል በሐበሻ ተራራ ላይ ተዘርግቶ ቆይቷል ማለት ነው።

ጆንሰን ይህን መጽሐፍ የጻፈው ለምን ነበር? እናቱ በጥር ወር ሞታ የቀብር ወጪዋን ለመክፈል ነው፤ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ጨረሰው ይባላል። ያሳዘነኝም ያስደነቀኝም ይህ ነገር ነው። ምክንያቱም መጽሐፉን በ1939 ዓ.ም. ወደ አማርኛ የመለሰው ሲራክ ኅሩይ ሲሆን፣ አባቱ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ደግሞ በቀብር ወጪ ላይ የሚሟገት ልብ ወለድ ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት አሳትመው ነበር።

የኅሩይ መጽሐፍ «አዲስ ዓለም፣ የቅኖችና የደግ አድራጊዎች መኖሪያ» ይባላል፤ 1925 ዓ.ም. ነው። ጀግናው አወቀ የተባለ ወጣት ነው፤ አውሮፓ ተምሮ ሲመለስ ከዘመድ ወዳጁ ልማድ ጋር ይጋጫል፤ ከግጭቶቹ ዋናው ተዝካር ነው። ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሰላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት፤ በየዕለቱ ድግስ ቢደገስ ለሟች ነፍስ ምን ይጠቅማል፣ ለቀሪ ቤተሰብስ ምን ይተርፈዋል? ኅሩይ ራሳቸው የቤተ ክህነት ሊቅ ስለነበሩ ሃይማኖትን አልነኩም፤ የነኩት ድግሱን ነው። ይህን መጽሐፍ የመልካም ዓለም ሕልም አድርጎ ማንበብ የተለመደ ነው። ለእኔ ግን ተቃራኒው ጎልቶ ይታየኛል፤ ወጣቱ የሚኖረው ሙታን ሕያዋንን በሚያስተዳድሩበት ዓለም ነውና።

ክርክሩ ዛሬም አልሞተም። በጋይንትና በስማዳ ደጋ መሬቱ ስስ ነው፣ ዝናቡም አያስተማምንም። በሬውን ሸጦ፣ እህል ተበድሮ ተዝካር ያወጣ ገበሬ በመጪው ክረምት ምን እንደሚጠብቀው ለአካባቢው ሰው መንገር አያሻም። በዚህ ከኅሩይ ጋር እቆማለሁ። ነገር ግን አወቀ ያላየው ሰው አለ፤ የቆሎ ተማሪው። እሱ ከልመና ቁራሽ አልፎ ትኩስ እንጀራ የሚያገኘው በተዝካር ቀን ነው፤ መዋሥዕቱን አዚሞ የሚጠግበውም ያን ዕለት ነው። የአንዱ ቤት ዕዳ የሌላው ራት ነው። ለሟች የሚወጣው ወጪ ይቁም የሚል ሰው ተማሪውን ማን ያበላዋል ለሚለውም መልስ ይዞ መምጣት አለበት። ኅሩይ ይህን ቢያነሡ ኖሮ መጽሐፋቸው ከሹስተርማን «ሳይዝ» ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆም ነበር።

ከኅሩይ በኋላ የመጡትን በአጭሩ ልለፋቸው። ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ሞትንና የዓለምን ከንቱነት የድርሰታቸው ዐምድ አደረጉ፤ «አልሞትሁም ብዬ አልዋሽም» የሚለው ርእሳቸው ብቻ ብዙ ይናገራል። ስብከታቸው ለወጣት አንባቢ ይከብዳል። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ ሸክም እሱ ያልገባው ስለት ነው፤ ሞት እንዳይቀማቸው የተጨነቁ ወላጆች ሳይጠይቁት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። ወላጅ በሞት ፍርሃት የገባውን ቃል ልጅ መክፈል አለበት ወይ? ስለ ፍቅሩ የሚነገረውን ያህል ስለዚህ ሲነገር አልሰማም።

አቤ ጉበኛ ግን ደፋር ነበር። በ1955 ዓ.ም. ባወጣው «አልወለድም» በእናቱ ማኅፀን ያለ ፅንስ ወደዚህ ፍትሕ ወደሌለበት ዓለም አልመጣም ብሎ ይሟገታል። ከዚህ በላይ ወጣት ገጸ ባሕርይ ከየት ይመጣል? ሌሎች ደራሲዎች ሕያዋን ለሙታን ያለባቸውን ዕዳ ሲመረምሩ፣ የአቸፈሩ ሰው አቤ ላልተወለዱት ያለብንን ጠየቀ። መጽሐፉ ታገደ፤ ደራሲውም ግዞት ቀመሰ።

ከአብዮቱ በኋላ ጨለማውን መፈልሰፍ አላስፈለገም። ብርሃኑ ዘሪሁን በሦስቱ «ማዕበል» መጻሕፍቱ የወሎን ረሃብ ከአብዮቱ ጋር አስተሳስሮ ጻፈ። በዓሉ «ኦሮማይ»ን ጻፈ። ከትውልዱ ርቃ በውጭ ያደገችው መዓዛ መንግሥቴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው የመጀመሪያ ልብ ወለዷ ከሁሉም በላይ ወደ ጥያቄው እምብርት ገብታለች። ኃይሉ ለሚባል ሐኪም በደርግ ዘመን በግርፋት የተሰባበረች ልጅ ትመጣለታለች፤ እንዲያድናት ታዟል፣ ከዳነች ግን መልሰው ይገርፏታል። መርዝ ሰጥቶ ያሳርፋታል፤ እሱም ይታሰራል። ታናሹ ልጁ ዳዊት በሌሊት ከመንገድ ላይ ሬሳ እየሰበሰበ ለቤተሰብ ያደርሳል። አባት ሕይወትን በማሳጠር፣ ልጅ ሬሳን በማንሣት፣ ሁለቱም ግዴታቸውን ተወጡ ወይስ ተላለፉ? ሹስተርማን ይህን ለመጠየቅ ሞት የሌለበት ዘመን መፍጠር ነበረበት። መዓዛ የአዲስ አበባን የ1970ዎቹ መጀመሪያ ብቻ ማስታወስ በቂዋ ሆነ።

የቅርቡ ዘመን ወጣት አንባቢ በብዛት የያዘው የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ነው። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ገዳምና የጠፈር ሳይንስን በአንድ ሴራ አስሮ ብዙ ሺህ ልጆችን ወደ ንባብ መልሷል። ምስጋና ይገባዋል፤ ግን ፍጥነቱ ለኅሊና ጥያቄ ፋታ አይሰጥም።

እንግዲህ ዘርፉ ይህን ይመስላል፤ የቀረው የወጣቶቹ ድርሻ ነው። የጋይንቷ ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲገባባት ትምህርት ቤት የነበሩ ልጆች ዛሬ ሃያን እየተሻገሩ ነው። የስማዳና የታች ጋይንት ልጆች ስለ ረሃብ ለማወቅ የኮሊንስን መጽሐፍ አይጠብቁም፤ በሴፍቲኔት ስንዴ ያደጉ አሉባቸው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የአማርኛ መምህራን፣ የነፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የእስቴ መካነ ኢየሱስ ትምህርት ቤቶች ሆይ፣ «አልወለድም»ንና «አዲስ ዓለም»ን ከሲራክ «ራሴላስ» ጋር በቤተ መጻሕፍታችሁ አስቀምጡ። ከዚያም ተማሪዎቹን ዙር አምባ ድረስ ይዛችሁ ውጡ፤ መዋሥዕቱን ሰምተው ሲመለሱ ወረቀትና ጊዜ ስጧቸው፣ የጻፉትንም አሳትሙላቸው።