ቃሉ ቀርቶ ትርጉሙ ሲሄድ

እንግሊዛዊ ዛሬ «ዲር» ሲል አጋዘን ማለቱ ነው። ከ1000 ዓመት በፊት የነበሩት አያቶቹ ግን «ዴኦር» የሚሉት ማንኛውንም አውሬ ነበር። «ሚት» ዛሬ ሥጋ ነው፤ ያኔ «ሜቴ» የሚበላ ነገር ሁሉ ነበር፣ ዳቦውም አትክልቱም። «ስታርቭ» ዛሬ መራብ ነው፤ ያኔ «ስቴኦርቫን» በጦርም ሆነ በበሽታ መሞት ነበር። ዛሬ ወንድ የሚባልበት «ማን» ደግሞ እንደኛው «ሰው» ፆታ አይለይም ነበር፤ ሴት ስትጠራ «ዊፍ» ወይም «ዊፍማን» ትባል ነበር፣ ከመጀመሪያው ሚስት የሚለው «ዋይፍ»፣ ከሁለተኛው ሴት የሚለው «ውመን» ወጣ። የጥንት ጽሑፍ የሚያነብን ሰው ጨርሶ የማያውቀው ቃል አያሳስተውም፤ መዝገበ ቃላት ይገልጣል። የሚያሳስተው የለመደው የሚመስለው ነው። ስለዚህ ትርጉሙን ከቃሉ የዛሬ ዘር ሳይሆን በዘመኑ አብረውት ከኖሩት ቃላት መጠየቅ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1066 ከፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥት ቋንቋ ሆነ፤ ለእንስሳና ለአውሬ የሚውሉ አዳዲስ ቃላትም ገቡ። «ዴኦር» አልጠፋም፤ ቦታው ግን በየዘመኑ እየጠበበ ሄዶ አዳኞች አጥብቀው በሚያሳድዱት አንድ እንስሳ ላይ ቀረ። ይህን ያዩ ሰዎች «እውነተኛው ትርጉም የጥንቱ ነው፣ የዛሬው ብልሽት ነው» ይላሉ። አልስማማም፤ በጥንቱም ዘመን አንድ ወጥ ትርጉም አልነበረማ! እኛም ከተማ ውስጥ የምንሰማው «ሙድ» የመጣበት «ሞድ» እንደ አገባቡ ልብ፣ አእምሮ፣ ወኔ ወይም ትዕቢት ይሆን ነበር። ከእነዚህ የትኛው ነው እውነተኛው?

ጥያቄው የሚከብድበት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ991 በማልደን አጠገብ የእንግሊዞቹ አለቃ ብሪክትኖት ወራሪዎቹ ቫይኪንጎች በመካከላቸው የነበረውን ጠባብ መሻገሪያ እንዲያልፉ ፈቀደላቸው፤ እሱም ወደቀ፣ ጦሩም ተፈታ። ጦርነቱን የሚተርከው ግጥም ይህን ያደረገው ከ«ኦቨርሞድ» የተነሳ ነው ይላል። «ኦቨር» ከልክ ማለፍን ያሳያል፤ ግን ከልክ ያለፈው ምንድን ነው? ወኔ ከሆነ ሙገሳ ነው፣ ትዕቢት ከሆነ ወቀሳ። ቃሉን በታትኖ መመርመር መልስ አይሰጥም። ከዚያ ዘመን የተረፈው ጽሑፍ ተደምሮ 3 ሚሊዮን ቃል ያህል ስለሆነ ግን ቃሉን በሌሎች ቦታዎች ፈልጎ ማየት ይቻላል፤ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ሲዘጋጅ የቆየው መዝገበ ቃላትም የሚሠራው እንዲህ ነው። «ኦቨርሞድ» ከሰማይ ስለወደቀው መልአክ በሚናገር ግጥም ውስጥ ይገኛል፤ ላቲን በሚፈቱ ጽሑፎችም ትዕቢተኛ ለሚለው ቃል ፍቺ ሆኖ ይገባል። የጥንት እንግሊዝኛ ምሁሩ ጄ. አር. አር. ቶልኪንም እ.ኤ.አ. በ1953 ባወጣው ጽሑፍ ወቀሳ ነው ብሏል።

እነዚያ የካህናት ጽሑፎች ናቸው፣ የጦረኛ ግጥም በእነሱ አይለካም የሚል መቃወሚያ ይነሳል፤ ክብደት ያለው ነው። ሆኖም ግጥሙ ራሱ እዚያው ላይ አለቃው ለጠላት ከሚገባው በላይ መሬት እንደለቀቀ ይናገራል። ሙገሳ እንዲህ ካለ ቃል አጠገብ አይቀመጥም። ወደ መጨረሻው ደግሞ፣ አለቃው ከሞተ በኋላ፣ አንድ ሽማግሌ ጦረኛ የቀሩትን ሲያበረታ «ሞድ»ን ያለ «ኦቨር» ብቻውን ይጠራል፤ እዚያ ቃሉ ንጹሕ ወኔ ነው።